ያን ደብዳቤ ምን ብዬ ልጥራው?

ከብዙ ዓመታት በፊት ለአንድ ወዳጄ የድጋፍ ደብዳቤ ጽፌለት ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ በአንድ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን ስንሠራ፣ የተሰጠውን ሥራ በተቀጠረለት ቀን ያስረከበበትን ጊዜ አላስታውስም፤ እኔ ግን «ሥራውን በወቅቱና በጥራት አጠናቆ የሚያስረክብ ባለሙያ» ብዬ ጻፍኩ፣ ፈረምኩበትም። በዚያን ጊዜ ከሥራ ከተሰናበተ ብዙ ወራት ተቆጥረው ነበር፣ ቤተሰብም ያስተዳድራል፤ ደግሞም ከዚያ ቀደም እኔ በተቸገርኩበት ሰዓት ፈጥኖ የደረሰልኝ ሰው ነው። ሥራውን አገኘ። ከዚያ በኋላ የሆነው ግን ያልጠበቅኩት ነበር፦ በአዲሱ መሥሪያ ቤት ሰውየው ሌላ ሰው ሆነ፤ ቀጠሮ አክባሪ፣ አለቆቹ የሚመኩበት ሠራተኛ ወጣው። እንግዲህ የያዝኩት ጉዳይ ሲጻፍ ሐሰት የነበረ፣ ውሎ አድሮ ግን እውነት የሆነ ደብዳቤ ነው።

ነገሩን ትንሽ ነው ብሎ የሚያልፈው ሰው ይኖራል፤ ማንም አልሞተም፣ ማንም አልተዘረፈም። ለእኔ ግን የሥነ ምግባር ፍልስፍናን ለመረዳት፣ ሕይወትና ሞት ከሚፋጠጡባቸው የመማሪያ ምሳሌዎች ይልቅ የጠቀመኝ ይኸው ደብዳቤ ነው። ስለ ጉዳዩ ማንበብ በጀመርኩ ጊዜ፣ ጽንሰ ሐሳቦቹ የሚለያዩት በፍርዳቸው ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ አንዱ «ልክ ነው» ሲል ሌላው «ስሕተት ነው» ይላል፣ አንባቢውም ደስ ያለውን ይመርጣል። ደብዳቤዬን ይዤ በየተራ በእያንዳንዱ ዳኛ ፊት ስቆም ግን ልዩነታቸው ፍርድ ከመስጠታቸው በፊት እንደሚጀምር አየሁ። እያንዳንዱ የሚያስቀርበው ማስረጃ ሌላ ነው፣ የሚጠይቀው ጥያቄም ሌላ ነው። ከሁሉም አስቀድሞ ደግሞ አንድ ሥራ አለ፤ የተፈጸመው ድርጊት ምን እንደሆነ በስሙ መጥራት። ይህን ሥራ አንዳቸውም ጨርሰው አይሠሩልንም።

የመጀመሪያው ዳኛ እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጄረሚ ቤንታም ነው። እ.ኤ.አ. በ1789 ስለ ግብረ ገብና ስለ ሕግ አወጣጥ መርሆች ባሳተመው መጽሐፍ መክፈቻ ላይ፣ ተፈጥሮ የሰውን ልጅ ተድላና ስቃይ ለሚባሉ ሁለት ጌቶች እንዳስገዛችው ይናገራል፤ ከዚህም ተነሥቶ የአንድ ድርጊት ትክክለኛነት የሚለካው፣ ድርጊቱ በሚነካቸው ሰዎች ሁሉ ላይ በሚያመጣው ተድላና ስቃይ ሚዛን ነው ይላል። ለሚዛኑም ሰባት መስፈሪያዎችን አስቀምጧል፦ የተድላው ወይም የስቃዩ ኃይል፣ የሚቆይበት ጊዜ፣ እርግጠኝነቱ፣ ቅርበቱ፣ መሰሉን የመውለድ አቅሙ፣ ከተቃራኒው ጋር አለመቀላቀሉ፣ በመጨረሻም የሚደርሳቸው ሰዎች ብዛት። ደብዳቤዬ በስድስቱ መስፈሪያዎች ሲለካ ብዙም አላሳፈረኝም። የወዳጄ እፎይታ ጠንካራ፣ ቅርብና እርግጠኛ ነበር፤ የቀጣሪው ጉዳት ግን ሩቅና የሚያጠራጥር ነው። ያንበረከከኝ ሰባተኛው ነው። ለዚያ የሥራ ቦታ ያመለከተው ወዳጄ ብቻውን አልነበረም፤ ሁለተኛ የወጣ ሰው ነበረ። ሴት ትሁን ወንድ አላውቅም፣ ልጆች ይኑሩት አይኑሩት አላውቅም፣ ከሥራ ከተለየ ከወዳጄ ይልቅ ረጅም ጊዜ ሆኖት እንደሆነም አላውቅም። ደብዳቤውን በጻፍኩበት ምሽት ይህ ሰው በሐሳቤ ውስጥ ጨርሶ አልነበረም።

ይህ አስተሳሰብ ሰውን እንደ ቁጥር የሚደምር ደረቅ ሒሳብ ነው እየተባለ ዘወትር ይወቀሳል፤ ከወቀሳውም ጥቂቱ እውነት አለው። ሆኖም ያንን የማላውቀውን ሰው ያስታወሰኝ ወዳጅነት አይደለም፣ ርኅራኄም አይደለም፣ ይኸው ደረቅ ሒሳብ ነው። የቤንታምን አስተሳሰብ የተከተለው ፈላስፋ ጆን ስቱዋርት ሚል የቤንታም አባባል ነው ብሎ እንደሚጠቅሰው፣ እያንዳንዱ ሰው እንደ አንድ ይቆጠራል፣ ማንም ከአንድ በላይ አይቆጠርም። ርኅራኄ የሚያየው ፊት ለፊቱ የቆመውን ነው፤ ሒሳቡ ግን በሩ ላይ ያልደረሰውንም ይጠራል።

የዚህ ጎራ ችግር ሌላ ቦታ ነው። ውጤት ስንል የትኛውን ውጤት ነው? ደብዳቤውን በጻፍኩበት ቀን በእጄ በነበረው ማስረጃ መሠረት የሚጠበቀው ነገር፣ ወዳጄ እንደ ልማዱ ሥራ እንዲያዘገይና ቀጣሪው እንዲጸጸት ነበር። የሆነው ተቃራኒው ነው። የሚጠበቀውን ውጤት የሚመዝኑት ሰዎች «ስሕተት ሠርተሃል፣ ዕድል ነው ያወጣህ» ይሉኛል፤ በእርግጥ የደረሰውን የሚመዝኑት ደግሞ «ድርጊቱ ልክ ነበር፣ አንተ ግን ልትመሰገንበት አይገባም» የሚል እንግዳ የሆነ ፍርድ ይሰጣሉ። ሁለተኛው ፍርድ መጀመሪያ ያሥቀኝ ነበር፤ በኋላ ግን ቁም ነገር እንዳለበት ተረዳሁ። ድርጊቱን መመዘንና ሠሪውን መመዘን ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ በዕለት ተዕለት ንግግራችን «ጥፋት» የሚለው አንድ ቃል ሁለቱንም ስለሚሸከም ብቻ እንደባልቃቸዋለን። ከዚሁ ጎራ፣ እያንዳንዱን ድርጊት ሳይሆን ሁሉም ሰው ቢከተለው መልካም ውጤት የሚያመጣውን ደንብ ፈልጉ የሚሉም አሉ። በእነርሱ ዘንድ የእኔ ጉዳይ ቀላል ነው፤ በሐሰተኛ የድጋፍ ደብዳቤ የተጥለቀለቀ ዓለም ማንንም አይጠቅምም። ጄ. ጄ. ሲ. ስማርት የተባለው ፈላስፋ እ.ኤ.አ. በ1956 እንደጠየቀው ግን፣ ደንቡን መጣስ በግልጽ የሚሻልበት ሰዓት ሲመጣ ደንቡን ሙጥኝ ማለት ደንብን ማምለክ አይሆንም ወይ? ጥያቄው እስካሁን ሕያው ነው።

ሁለተኛው ዳኛ ጀርመናዊው ፈላስፋ ኢማኑኤል ካንት ሲሆን፣ በእርሱ ፊት መቆም ከሁሉም ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ1785 ባሳተመው የግብረ ገብ መሠረትን በሚመረምረው መጽሐፉ ውስጥ ካቀረባቸው አራት ምሳሌዎች አንዱ፣ እንደማይከፍል እያወቀ እከፍላለሁ ብሎ ገንዘብ የሚበደር ሰው ነው። ካንት የሚጠይቀው ይህን ነው፦ ሰውየው የሚመራበትን መርሕ ሁሉም ሰው የሚመራበት ሕግ ይሁን ብሎ ያለ ተቃርኖ መፈለግ ይችላልን? አይችልም፤ የተቸገረ ሁሉ በሐሰት ቃል የሚገባበት ዓለም ቢኖር ቃል የሚባለው ነገር ራሱ ይጠፋል፣ የሚያምነውም አይገኝም። ብዙ ሰው ይህን «ሁሉም እንዲህ ቢያደርግ ዓለም ይበላሻል» ማለት አድርጎ ይረዳዋል፤ እኔም ለረጅም ጊዜ እንዲያ ነበር የተረዳሁት። እንዲያ ቢሆን ኖሮ ካንት ከቤንታም ጋር በአንድ ሚዛን ይሠራ ነበር። ነጥቡ መጥፎ ውጤት ሳይሆን ተቃርኖ ነው። ደብዳቤዬ ሊሠራ የቻለው ሌሎች ሰዎች እውነት ስለሚጽፉ ነው፤ የእነርሱ እውነተኝነት ለእኔ ሐሰት ዋስ ሆነልኝ። ሕጉ ለሁሉም ጸንቶ እንዲኖር እፈልጋለሁ፣ ለእኔ ብቻ ግን አንዲት ቀዳዳ እንዲተውልኝ እፈልጋለሁ። ካንት የሚይዘን እዚህች ቀዳዳ ላይ ነው።

ሁለተኛው የካንት ቀመር ደግሞ ሰውን መቼም ቢሆን እንደ መሣሪያ ብቻ አትጠቀምበት፣ ሁልጊዜም በራሱ ዓላማ እንደሆነ ቁጠረው የሚል ነው። ደብዳቤዬን ያነበበው ቀጣሪ ምን እየተደረገበት እንደሆነ ቢያውቅ ኖሮ ሊስማማ አይችልም ነበር፤ አለማወቁ ለዕቅዴ የግድ አስፈላጊ ነበር። እምነቱን እንደ በር እጀታ ያዝኩና ወዳጄን አስገባሁበት። እዚህ ላይ «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» የሚለው የአገሬ ሰው አባባል ትዝ ይለኛል፤ ካንትን ጨካኝ ነው የሚለው ሁሉ ይህን አባባል ሲሰማ ራሱን እየነቀነቀ የሚስማማ መሆኑ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ካንት ጨካኝ የተባለበት ዋናው ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ1797 በፈረንሳይኛ ይጽፍ ለነበረው ለቤንጃሚን ኮንስታንት የሰጠው መልስ ነው። ገዳይ በርህን አንኳኩቶ ቤትህ የተሸሸገው ወዳጅህ የት እንዳለ ቢጠይቅህ መዋሸት ትችላለህ ወይ ለሚለው ጥያቄ፣ ካንት አትችልም ብሎ መለሰ። ከመልሱ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ግን ያያዘው ምክንያት ነው፦ ዋሽተህ «ወጥቷል» ብትለው፣ ወዳጅህም አንተ ሳታውቅ በእርግጥ ወጥቶ ቢሆንና ገዳዩ መንገድ ላይ ቢያገኘው፣ ለሞቱ ትጠየቃለህ፤ እውነቱን ብትናገር ግን ለሚከተለው ነገር አትጠየቅም። በዚህ አካሄድ ውሸታም የመጥፎ ውጤት ባለዕዳ ነው፣ የመልካም ውጤት ግን ባለሀብት አይደለም። የወዳጄ መለወጥ ለእኔ አይቆጠርልኝም፤ ሳይለወጥ ቀርቶ ቢሆን ኖሮ ግን ዕዳው በእኔ ስም ይመዘገብ ነበር። ይህን ፍርድ ፈጽሞ የተዛባ ነው ማለት አልቻልኩም፤ ትክክል ነው ማለትም አልቻልኩም። በገዳዩ ጉዳይ ላይ ግን አቋሜ ግልጽ ነው፣ እኔ እዋሻለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ችግር እመጣለሁ። ካንት መርሕህን መርምር ሲለኝ፣ የትኛውን መርሕ? «ለጥቅም ሲባል የሐሰት ምስክርነት መስጠት» ካልኩት ይወድቃል። «የወደቀ ወዳጅ ሁለተኛ ዕድል እንዲያገኝ፣ ሊሆን እንደሚችል ከልብ የማምነውን ስለ እርሱ መጻፍ» ካልኩት ግን ሊያልፍ ይችላል፤ ያለ ተቃርኖ ሁሉም ሰው ሊመራበት የሚችል መርሕ ይመስላል። ብዕሩ አንድ፣ ወረቀቱ አንድ፣ ፊርማው አንድ ነው፤ የተለወጠው ስሙ ብቻ ነው። ይህን ድክመት በግልጽ ያወጣችው እንግሊዛዊቷ ፈላስፋ ኤሊዛቤት አንስኮም ናት። እ.ኤ.አ. በ1958 ባሳተመችው ጽሑፍ፣ የአንድን ድርጊት ተገቢ መግለጫ ምን እንደሆነ አስቀድመን ካልወሰንን የካንት ደንብ አይሠራም ስትል ጻፈች። ዛሬ ውጤትን ብቻ የሚመዝነውን ጎራ የምንጠራበት «ኮንሴኩዌንሻሊዝም» የሚለው ስያሜ የወጣውም ከዚሁ ጽሑፍ ነው። እርሷ ያወጣችው ለነቀፋ ነበር፤ የተነቀፉት ሰዎች ግን ወደውት መጠሪያቸው አደረጉት።

አንስኮም ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1957፣ ስለ ሐሳብና ስለ ድርጊት በጻፈችው መጽሐፍ ውስጥ አንድ ሰው ውኃ ሲስብ ታሳየናለች። ክንዱን ወደ ላይና ወደ ታች ያንቀሳቅሳል፤ ፓምፕ ይነዳል፤ የአንድን ቤት የውኃ ማጠራቀሚያ ይሞላል፤ ውኃው ተመርዞ ስለሆነ የቤቱን ነዋሪዎች ይመርዛል። አራት ድርጊት ሠራ ወይስ አንድ? አንድ ድርጊት ነው የሠራው፣ ስሙ ግን አራት ነው፤ የትኞቹ ስሞች ሆን ብሎ የሠራውን እንደሚገልጹ የሚታወቀው «ለምን?» ተብሎ ሲጠየቅ በሚሰጠው መልስ ነው። ይህ የቃላት ጨዋታ እንዳልሆነ ደግሞ በተግባር አሳይታለች። እ.ኤ.አ. በ1956 የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ለቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ለሃሪ ትሩማን የክብር ዲግሪ ሊሰጥ ሲነሣ፣ በሂሮሺማና በናጋሳኪ ላይ አቶሚክ ቦምብ እንዲጣል ያዘዘ ሰው ሊከበር አይገባም ብላ ተቃወመች፤ የደገፏት ጥቂቶች ብቻ ነበሩ፣ ዲግሪውም ተሰጠ። የሌሎቹ ስያሜ «ጦርነቱን መጨረስ» ነበር። የእርሷ ስያሜ ደግሞ ንጹሓንን ለዓላማ ማስፈጸሚያ መግደል፣ ማለትም ነፍስ ማጥፋት ነው፤ የተረፈው ሕይወት የቱንም ያህል ቢበዛ ይህን ስም አይፍቀውም ብላ ተከራከረች። ክርክሩ ስለ መርሕ ከመሆኑ በፊት ስለ ስም ነበር።

ታዲያ ትክክለኛው ስም በምን ይታወቃል? ማንም ሰው ድርጊቱን ሲሰይም ለራሱ ያዳላል፤ እኔ «ሁለተኛ ዕድል» አልኩት፣ ሁለተኛ የወጣው ተወዳዳሪ ቢጠየቅ «ማጭበርበር» ይለው ነበር። በዚህ ላይ የረዳኝ ፈላስፋው ቲ. ኤም. ስካንሎን እ.ኤ.አ. በ1998 ያቀረበው ሐሳብ ነው፤ በእርሱ አመለካከት አንድ ድርጊት ስሕተት የሚሆነው፣ ማንም በምክንያት ተደግፎ ሊቃወማቸው የማይችላቸው መርሆች የሚከለክሉት ሲሆን ነው። ስካንሎን የተናገረው ስለ መርሆች ነው፤ እኔ ግን ለስሞችም አዋልኩት። ለድርጊቴ ያወጣሁትን ስም ቀጣሪውና ሁለተኛው ተወዳዳሪ ባሉበት ክፍል ውስጥ ድምፄን ከፍ አድርጌ ላነበው እችላለሁ? «ሊሆን የሚችለውን ጻፍኩ» የሚለውን እዚያ ክፍል ውስጥ ሳነበው ድምፄ ይሰበራል፤ ምክንያቱም ደብዳቤው «ሊሆን ይችላል» አይልም፣ «ነው» ይላል። ያች አንዲት ግሥ ጉዳዩን ትቋጨዋለች። ሐሰት ነበር።

ስለ ባቡሩ ምሳሌም አንድ ነገር ልበል፣ ስለ ሥነ ምግባር ሲነሣ እርሱን መዝለል እንደ ነውር ተቆጥሯልና። ፈላስፋዋ ፊሊፓ ፉት እ.ኤ.አ. በ1967 ያነሣችውና ሌላዋ ፈላስፋ ጁዲት ጃርቪስ ቶምሰን በ1976 እና በ1985 ያሰፋችው ይህ ምሳሌ፣ አምስት ሰዎችን ለማትረፍ ባቡርን አንድ ሰው ወዳለበት ሐዲድ ማዞርና አንድን ወፍራም ሰው ከድልድይ ገፍትሮ ባቡሩን ማስቆም ለምን ለየቅል እንደሚሰሙን ይጠይቃል። ከጥንት የመጣው አንዱ መልስ፣ ሳይፈለግ በጎን የሚደርስ (የጎንዮሽ) ጉዳትና ለዓላማው መሣሪያ የተደረገ ጉዳት ልዩነት ነው፤ ሥሩም ቶማስ አኲናስ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ራስን ስለ መከላከል ከጻፈው ይመዘዛል። ይህን ልዩነት ይዤ ለራሴ መከላከያ ልሠራ ሞክሬ ነበር፦ የሁለተኛው ተወዳዳሪ መጎዳት የጎንዮሽ ነው፣ እኔ የፈለግኩት የወዳጄን መቀጠር ብቻ ነው አልኩ። መከላከያው ግን አልቆመም። ቦታው አንድ በሆነበት ውድድር ውስጥ የአንዱ ማግኘትና የሌላው ማጣት ሁለት ክስተቶች አይደሉም፤ አንዱን ክስተት ከሁለት ወገን ማየት ነው።

ፈላስፋው ዊሊያም ዴቪድ ሮስ እ.ኤ.አ. በ1930 ባሳተመው መጽሐፍ ያቀረበው ሐሳብ ከሁሉም ይልቅ የሰውን ልብ የሚያውቅ ይመስለኛል። ግዴታችን አንድ ሳይሆን ብዙ ነው ይላል፤ ቃልን መጠበቅ፣ የበደሉትን መካስ፣ ውለታን መመለስ፣ ፍትሕ፣ በጎ ማድረግ፣ ራስን ማሻሻል፣ አለመጉዳት። እያንዳንዱ ሌላ ከባድ ግዴታ ካልበለጠው በቀር ያስገድዳል፣ ሲጋጩ ግን አስቀድሞ የተቆረጠ ቅደም ተከተል የላቸውም፤ ሁኔታውን በጥንቃቄ አይቶ መፍረድ ብቻ ነው ያለው። ብዙዎች ይህን ድክመት ይሉታል። ለእኔ ግን ሌሎቹ ያልነገሩኝን አንድ ነገር ነገረኝ፦ የተሸነፈ ግዴታ አይሞትም። ውለታ መመለስ እውነት ከመናገር በልጦ ቢሆን እንኳ፣ የተበለጠው እውነት ቅሬታ ትቶ ያልፋል፤ በሆነ መንገድ የመካስ ግዴታንም ያስከትላል። የዚያ ደብዳቤ ነገር ለዓመታት ሳይለቀኝ የቀረው ኅሊናዬ ከመጠን በላይ ስለተጨነቀ አይመስለኝም፤ ያልተከፈለ ነገር ስላለ ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ታሪክ የሚጠይቀው አርስቶትል ብቻ ነው። በእርሱ ዘንድ ጥያቄው ድርጊቱ ብቻ አይደለም፤ ይህን የሚሠራ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው፣ ደጋግሞ ሲሠራውስ ምን ዓይነት ሰው ይሆናል የሚል ነው። ፍትሐዊ ሥራ በመሥራት ፍትሐዊ እንሆናለን ይላል፤ ጠባይ የተግባር ልጅ ነውና። መናዘዝ ካለብኝ እዚህ ላይ ነው፦ ከዚያ ደብዳቤ በኋላ ለሌሎች ሰዎች ሌሎች ደብዳቤዎችን ጽፌያለሁ፣ ሁለተኛውም ከመጀመሪያው ይልቅ ቀለለኝ። የመጀመሪያውን ስጽፍ ሁለት ሰዓት ፈጅቶብኝ ነበር፤ ሦስተኛውን ግን ምሳ ከመውጣቴ በፊት ጨርሼዋለሁ። በቤንታም መዝገብ ላይም ሆነ በካንት መዝገብ ላይ ይህ የመቅለል ነገር ተጽፎ አላየሁትም።

አርስቶትል ስለ ሥነ ምግባር ከጻፋቸው አሥር ክፍሎች ሁለቱን፣ ስምንተኛውንና ዘጠነኛውን፣ ለወዳጅነት ሰጥቷል። እነዚያን ክፍሎች ሳነብ ጥፋቴ ከጠበቅኩት ጊዜ ቀደም ብሎ እንደተፈጸመ ገባኝ። ወዳጄ ሁለት ዓመት ሙሉ ሥራ ሲያዘገይ አጠገቡ ተቀምጬ ዝም ብያለሁ። አንድ ቀን እንኳ «ይህ ነገርህ ይጎዳሃል» አላልኩትም፤ እርሱን ላለማስቀየም ብዬ ነው እል ነበር፣ እውነቱ ግን ራሴን ከማይመች ንግግር ለመጠበቅ ነበር። በመልካም ጠባይ ላይ የተመሠረተ ወዳጅነት ወዳጁ የተሻለ ሰው እንዲሆን የሚፈልግ ከሆነ፣ የእኔ ወዳጅነት የተፈተነውና የወደቀው ደብዳቤው ገና ሳይታሰብ ነው። ይህን የአስተሳሰብ ጎራ፣ ምን ላድርግ ብሎ ለሚጠይቅ ሰው መልስ አይሰጥም ብለው የሚተቹት አሉ። ፈላስፋዋ ሮዛሊንድ ኸርስትሃውስ እ.ኤ.አ. በ1999 እንደመለሰችው ግን «ሐቀኛ ሁን»፣ «ጨካኝ አትሁን» የሚሉት ራሳቸው ለተግባር የሚበቁ ትእዛዛት ናቸው። እኔም የምጨምረው አለኝ፦ ጥያቄው ዘግይቶ የተጠየቀ ከሆነ ደብዳቤውን ልጻፍ ወይስ አልጻፍ ብቻ ማለት የሚጎድለው ነገር አለ፤ አንዳንድ ጊዜ በፊታችን የቀሩት ሁለት መንገዶች ሁለቱም የተበላሹት ቀድሞ በዘለልነው መታጠፊያ ምክንያት ነው።

የቀረው የዕድል ጉዳይ ነው። ፈላስፎቹ በርናርድ ዊሊያምስና ቶማስ ኔግል እ.ኤ.አ. በ1976 በአንድ መድረክ ላይ ያነሡት ችግር ይህ ነው፦ ሰው በቁጥጥሩ ሥር ባልሆነ ነገር ሊመሰገንም ሊወቀስም አይገባም ብለን እናምናለን፣ ስንፈርድ ግን በዚሁ በማይቆጣጠረው ነገር እንፈርዳለን። ፍሬናቸውን ሳያስመረምሩ የሚነዱ ሁለት ሾፌሮች ቢኖሩና በአንደኛው ፊት ብቻ ሕፃን ቢሮጥ፣ ቸልተኝነታቸው እኩል ሆኖ ሳለ ፍርዳችን እኩል አይሆንም። ካንት መልካም ፈቃድ ምንም ባያሳካ እንኳ እንደ ዕንቁ በራሱ ያበራል ብሎ ነበር፤ እንግዲያው መጥፎ ፈቃድም ምንም ባያበላሽ እንኳ በራሱ ሊጨልም ይገባል። ኑሮ ግን እንዲህ አይዳኝም። ዛሬ በወዳጄ ቤት እኔ ባለውለታ ነኝ፤ ልጆቹ ሲያዩኝ ከመቀመጫቸው ይነሣሉ። ወዳጄ በአዲሱ ሥራው ሦስት ወር ሳይሞላው ተባሮ ቢሆን ኖሮ፣ በዚያው ደብዳቤ ምክንያት ስሜ ከሐሰተኛ ምስክር ጋር ይነሣ ነበር። በሁለቱ መካከል እኔ የሠራሁት ልዩነት የለም። በመቀመጫቸው ተቀምጠው እንዲቆዩ ልጆቹን እለምናቸዋለሁ፤ እነርሱ ትሕትና ይመስላቸዋል።

ባለፈው ወር አብራኝ የሠራች አንዲት ወጣት ባልደረባዬ የድጋፍ ደብዳቤ እንድጽፍላት ጠየቀችኝ። ጎበዝ ናት፣ ግን ሥራ ታዘገያለች። ያየሁትን መልካም ነገር ሁሉ በዝርዝር ጻፍኩና መጨረሻ ላይ «ሥራዋን ለማጠናቀቅ ከተመደበው ጊዜ በላይ የምትወስድበት አጋጣሚ አለ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመርኩ፤ ከመላኬም በፊት እንድታነበው ሰጠኋት። አንብባ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለች፤ ከዚያም «ጋሼ፣ ‹ሳታረጋግጥ የማታስረክብ› ሊባል አይችልም?» አለችኝ። መጀመሪያ የመጣብኝ ያ የድሮው ደብዳቤ ነው፤ ለአንድ ነገር የተሻለ ስም እየተፈለገለት ነው አልኩ በልቤ። በማግሥቱ ግን የሠራቻቸውን ፋይሎች አውጥቼ አንድ በአንድ አየኋቸው። ከዘገዩት አምስቱ ውስጥ በሦስቱ፣ የዘገየችው ሌሎቻችን ያላየነውን ስሕተት አግኝታ ስታርም ነበር። በቀሩት ሁለቱ ግን ዘግይታለች፣ ሌላ ምክንያት አልነበራትም። ሁለቱንም ዓረፍተ ነገሮች አስገብቼ ደብዳቤውን በድጋሚ አሳየኋት። «ይሁን» አለች፤ ፈረምኩበት።